ከሰጋር በቅሎ እስከ ተራራ ብስክሌት፦ የምዕራብ ጎጃም መንገድና የመጓጓዣ አመራረጥ

ከደምበጫ ተነሥቶ በጅጋና በፍኖተ ሰላም አልፎ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ የልብ ወለዳቸውን ታሪክ በጀመሩባት በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ የሚዘልቀው መንገድ የመኪና ጎማ ከማየቱ እጅግ አስቀድሞ፣ ከቤቱ ወጥቶ ሩቅ አገር ለመሄድ የሚያስብ የምዕራብ ጎጃም ሰው፣ ከስንቁም ከመሣሪያውም በፊት የሚያሳስበው በምን ተቀምጦ እንደሚሄድ ነበር። አገሩ በሩቅ ለሚያየው ሜዳ ይመስላል፤ ጤፉና ዳጉሳው፣ በቆሎውና ኑጉ ተንጣሎ ሲታይ፣ ፈረሰኛ ያለ ድካም የሚጋልብበት ምድር ነው ያሰኛል። ነገር ግን ተምጫ፣ ብር፣ ላህና ፈጣም የተባሉት ወንዞች ከደጋው እየወረዱ ወደ ዓባይ ሲገሠግሡ ምድሩን ሸንሽነውታልና፣ ተጓዡ አንዱን አቀበት ወጣሁ ብሎ ላቡን ሳይጠርግ ሌላ ቁልቁለት ከፊቱ ይደቀናል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲገኙ፣ በምሥራቅ በኩል ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ይቆማል፣ በደቡብም የዓባይ በረሃ ተዘርግቶ ይጠብቃል።

በዛሬው ዘመን በእነዚሁ ከተሞች የሚኖሩ ወጣቶች፣ ይልቁንም በየገጠር ቀበሌው የሚመላለሱት መምህራንና የግብርና ባለሙያዎች፣ የተራራ ብስክሌት ለመግዛት ባሰቡ ጊዜ ቀድሞ የገዛውን ሰው እየፈለጉ፣ ምን ገዛህ፣ ስንት ክረምት አሳለፈልህ፣ መጀመሪያ የተሰበረብህ ምኑ ነው እያሉ ሲጠይቁ ይሰማል። ይህን ጥያቄ ከነጋዴ ጋር የመጣ አዲስ ልማድ አድርጎ የሚያይ ሰው ቢኖር የአገሩን ትውፊት አላስተዋለም። አባቶቻችን በበቅሎ ገበያ ያደርጉት የነበረው ምርመራ ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ እንዲያውም እጅግ የጠለቀ ነበር። ስለዚህ የብስክሌቱን ነገር ከመናገራችን በፊት ወደ በቅሎዋ መመለስ ይገባናል።

የቀድሞ ሰዎች ለፈረስና ለበቅሎ የተለያየ ማዕረግ ሰጥተው ነበር። ፈረስ የጦርና የጉግስ፣ የበዓልና የፉከራ እንስሳ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀም አባ ኮስትር እየተባሉ በፈረስ ስም መጠራታቸው የዚህ ክብር ምልክት ነው። ከቡሬ በላይ ባለው በአገው ምድርም ይህ ክብር እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የዐድዋን ድል እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ በእንጅባራ ፈረሶቹን ሸልሞ ያወጣል። ይሁን እንጂ ለረጅም ጉዞ መኰንኑ የሚቀመጠው በበቅሎ ላይ ነበር፤ የጦር ፈረሱንም ኮርቻውን እንደ ጫነ በአሽከር እያሳበ ከኋላው ያስከትለዋል። ካህናቱም እንዲሁ ነበሩ። ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ፍለጋ የሚዞረው ተማሪ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ በእግሩ ሲንከራተት፣ ዕድሜና ሹመት ያገኘው አለቃ ግን በሰጋር በቅሎ ይሄድ ነበር።

በቅሎ የተመረጠችበት ምክንያት ከንቱ ልማድ አይደለም። የአህያ አባትና የፈረስ እናት ልጅ ስለሆነች፣ ከእናቷ ቁመትንና ርምጃን፣ ከአባቷም ትዕግሥትን፣ በጥቂት መኖ መኖርንና የሸኾናን ጥንካሬ ወርሳለች። ሸኾናዋ ከፈረስ ይልቅ ጠባብና ጠንካራ በመሆኑ፣ በድንጋያማው ቁልቁለት ላይ ብረት ሳይመታላት እንኳ መርጣ ትረግጣለች፤ እግሯን ለማሳረፍ የምትፈራበትን ቦታ በአለንጋ አስገድዶ ማስረገጥ አይቻልም፣ ብዙ ጊዜም እውነቱ ከእሷ ጋር ነው። ስግሪያዋ ደግሞ ተቀማጩን ሳያንገጫግጭ ከጠዋት እስከ ማታ ያደርሰዋል። ዘር አትተካምና፣ ያረጀች እንደ ሆነ ባለቤቷ ሌላ ሊገዛ ወደ ገበያ መውረድ ግድ ይሆንበታል፤ የበቅሎ አመራረጥ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ የተላለፈውም አንዱ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

እንግዲህ የገበያውን ሥርዓት እንመልከት። ገዥው ወደ በቅሎ ተራ በገባ ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው መልኳን አልነበረም፤ መልክ የሚያየው ለሰርግ የሚገዛ ሰው ወይም ጀማሪ ነው። ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ይቆጥራል፣ ዕድሜዋ ከዚያ ይታወቃልና። ግላሱንና ኮርቻውን አስወርዶ በመዳፉ ጀርባዋን ይዳብሳል፤ ገጣባ የነበረች በቅሎ ቁስሉ ቢድንም ጠጉሯ በነጭ ይበቅላል፣ ጣት ሲያርፍበትም ቆዳዋ ይሰቀጥጣል። እያንዳንዱን እግሯን አንሥቶ ሸኾናዋን ይመረምራል። ከዚህ በኋላ ዛቧን ይዞ ተቀምጦ ይሞክራታል፦ ደንባሪ እንደ ሆነች ለማወቅ ሰው ወደ በዛበት ያገባታል፣ ለጋሚ እንደ ሆነች ለማወቅ ከጓደኞቿ ለይቶ ብቻዋን ያስኬዳታል፣ ውኃ ትፈራ እንደ ሆነም ወደ ወንዝ ይወስዳታል። ረጋጭና ነካሽ መሆኗን ግን በአንድ ቀን ሙከራ ማወቅ አይቻልም። ሻጭ ሆዷን አጥግቦ፣ አድክሞ፣ ወይም በባለቤቷ እጅ ብቻ አስይዞ ሊያመጣት ይችላልና።

ስለዚህ ከጥርስም ከሸኾናም በላይ የሚታመነው የሰው ምስክርነት ነበር። ገዥው የሻጩን አገር ይጠይቃል፤ የዚያን አገር ሰው ከገበያው ውስጥ ፈልጎ ያገኛል፤ በቅሎዋ የማን እንደ ነበረች፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈች፣ በየትኛው መንገድ እንደ ተመላለሰች፣ ለምን እንደምትሸጥ ይጠይቀዋል። «ባለቤቷ ሞቶባት ነው»፣ «ለዕዳ ነው»፣ «ለልጅ ሰርግ ነው» የሚል መልስ ያረካዋል፤ «እንዲሁ ነው» የሚል መልስ ግን ያስፈራዋል፣ ደኅና በቅሎ እንዲሁ አትሸጥምና። ደላላ የሚናገረውን ማንም አይሰማም ለማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ደላላ ከዋጋው ድርሻ ያለው ሰው ስለሆነ ቃሉ በዚያው ልክ ይመዘን ነበር። በመጨረሻም ሻጩ ዋስ ይጠራል፤ የተሰወረ ነውር ቢገኝባት፣ ወይም የተሰረቀች ሆና ባለቤቷ ቢመጣ፣ የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበትና።

ይህን የልማድ ሥርዓት ሕግ ኋላ በጽሑፍ አጽንቶታል። የሻጭና የገዥ ነገር ከጥንትም በፍትሐ ነገሥት የተጠቀሰ ሲሆን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ለገዥ ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል። በቅሎ የሚሸጠው የደጋ ዳሞት ገበሬ ይህን ቁጥር ሳያነብ ሲሠራበት ኖሯል።

የእንስሳ ዋጋ በባለቤቱ እንዴት ይለወጥ እንደ ነበር የሚያስረዳ አንድ ታሪክ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጽፎልናል። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የግሼ ዓባይን ምንጭ ለማየት ሲነሣ፣ ዛሬ የምዕራብ ጎጃም ክፍል በሆነው በሰከላ በኩል ያለውን አገር የሚያልፈው በዳሞትና በአገው ምድር ገዥ በፋሲል ፈቃድ ነበርና፣ ወደ ሰፈሩ ሄዶ እጅ ነሣው። በዚያም ከፋሲል ፈረሶች አንዱን ይቀመጥ ዘንድ አመጡለት፤ ያ ፈረስ ግን ለዓይን ያማረ፣ ለተቀማጭ ግን አውሬ ሆኖ ተገኘ። ብሩስ ብርቱ ፈረሰኛ ባይሆን ኖሮ የዓባይ ምንጭ ጉዞው እዚያው ባበቃ ነበር፤ እርሱ ግን ዳገት ለዳገት እየነዳ እስኪታክት ድረስ አድክሞ ገራው። ፋሲል ይህን በሰማ ጊዜ አፈረ፤ ቀጥሎም ራሱ ተቀምጦበት የመጣውን ፈረስ ሰጠውና እንዳይቀመጥበት አዘዘው። ኮርቻውንና ልጓሙን እንደ ያዘ ከፊትህ አስነዳው፣ የሜጫ ሰው ይህን ፈረስ ሲያይ አይነካህም አለው። በእርግጥም በየመንገዱ ያገኙት ሰዎች ፈረሱን እያከበሩ አሳለፉት። የመጀመሪያው ፈረስ መልኩ ብቻ ታይቶ ቀረበ፤ ሁለተኛው ማን እንደ ተቀመጠበት ታውቆ ተከበረ።

የነጋዴው ምርጫ ደግሞ ከመኳንንቱ ይለያል። ከዓባይ ማዶ ከእናርያና ከጉዱሩ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ገበያዎች ሲገባ፣ ወደዚያም አሞሌ ጨውና ልብስ ሲመለስ፣ የሲራራ ነጋዴው ሀብት በበቅሎና በአህያ ጀርባ ላይ ነበር። እርሱ የሚፈልገው ስግሪያን ሳይሆን የጀርባን ጽናት ነው፤ አንዲት የተገጠበች በቅሎ መንገድ ላይ ብትቀር ጭነቷ ለሌሎቹ ይከፋፈላል፣ ሌሎቹም በተራቸው ይገጠባሉ። በቆላ የኖረች በቅሎ ለደጋው ብርድ፣ በደጋ ያደገችም ለዓባይ ሸለቆ ሙቀትና በሽታ እንደማትመች ነጋዴው በኪሳራ ተምሮታል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለያዝነው ነገር ዋና ነው፦ ምስክርነት እውነተኛ መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ የዚያው መንገድ ምስክርነት መሆን አለበት።

ይህን ነገር ሳያስተውሉ የቀሩ ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው በ1933 ዓ.ም. በዚሁ አገር ታይቷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥተው ኡም ኢድላ በተባለው ስፍራ ወሰን ተሻግረው ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ በእንግሊዛዊው መኰንን በኦርድ ዊንጌት የሚመራው ጌዴዎን የተባለው ጦር ጓዙን የጫነው በግመል ነበር። ጦሩ ከ2,000 የማይበልጥ ሰው ሲሆን፣ ለስንቁና ለጥይቱ ማጓጓዣ ወደ 15 ሺህ የሚሆን ግመል ከሱዳን ተሰብስቦ ነበር። በሱዳን በረሃ ግመልን የሚያህል መጓጓዣ እንደሌለ የግመሎቹ ባለቤቶች ቢመሰክሩ ሐሰት አልተናገሩም፤ ሰፊው ለስላሳ እግሩ በአሸዋ ላይ እንዳይሰምጥ ሆኖ የተፈጠረ ነውና። ዳሩ ግን ያ እግር በበላያ ተራራና ወደ ጎጃም ደጋ በሚያወጣው ገደላማ አቀበት ላይ ሲወጣ በስለታም ድንጋይ ተቀደደ፤ የሌሊቱ ብርድ አጠቃው፤ የማያውቀውን ቅጠል በላ፤ ብዙዎቹ ነጂዎችም ግመል አያያዝ የማያውቁ ነበሩ። በየመንገዱ ዳር ሬሳው ተጋድሞ፣ ኋላ የሚመጣው ሰው የፊተኛውን መንገድ በሬሳው ሽታ ይከተል ነበር ማለት ይቻላል።

ጦሩ ግን ቀጠለ። የጎጃም አርበኞች አገሩን አስቀድመው በእጃቸው አስገብተውት ስለ ነበር፣ ጠላት በከተሞቹና በምሽጎቹ ውስጥ ተከቦ ነበር። በኮሎኔል ናታሌ የሚታዘዘው የኢጣልያ ጦር የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ በማንኩሳ መንገድ ወደ ደምበጫ ሸሸ፤ በዚሁ ዛሬ ብስክሌትና ባጃጅ በሚመላለስበት መንገድ ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ። ከተነሡት ግመሎች መካከል አዲስ አበባ የደረሱት 53 ብቻ እንደ ነበሩ ተጽፏል። ድሉ የተገኘው በሰው ጽናት ነው፤ የመጓጓዣው ምርጫ ግን ከታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ውስጥ ለተማሪ ሊነገር የሚገባ ጥፋት ነበር፣ ያውም ከሜጫና ከዳሞት አንድ በቅሎ ነጂ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቃል የሚቀር ጥፋት።

ከነጻነት በኋላ ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም ተብላ አደገች፤ መንገዱም ለመኪና ተመቸ። በየከተማው ጋሪ መጣ፤ ያ የጦርና የጉግስ ፈረስ አንገቱን ደፍቶ እህልና መንገደኛ ሲጎትት ማየት ለሽማግሌዎቹ ሳያሳዝን አልቀረም። ከጋሪው ቀጥሎ ባጃጁ ደረሰ። ብስክሌት ግን በእነዚህ መካከል ሲመጣ ብዙ ጩኸት አላሰማም።

የብስክሌት ነገር በኢትዮጵያ ከኢጣልያኖች ጋር መያያዙን ከዕቃዎቹ ስም ማወቅ ይቻላል፤ ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ቸርኬ፣ ካቴናና ጎሚስታ የሚሉት ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞቿ በቡድን ውድድር 9ኛ ሆነው መጨረሳቸው እምብዛም አይነገርም፤ የአበበ ቢቂላ ዝና ከአራት ዓመት በኋላ መጥቶ ሸፈነው። ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ ብስክሌት እንደ ልብ የሆነባት ከተማ ባሕር ዳር ናት፤ በጣና ዳር የተዘረጋው ሜዳማ ጎዳናዋ ለዚህ ተመችቷልና። ያ የባሕር ዳር ብስክሌት ወፍራም የብረት ገላ፣ ሰፊ ኮርቻና የኋላ መጫኛ ያለው፣ ማርሽ የሌለው ከባድ ዕቃ ሲሆን፣ በሜዳ ላይ ማዳበሪያ ወይም እህል ጭኖ የሚሄድ ታማኝ አገልጋይ ነው። የዚህን ብስክሌት ምስጋና ሰምቶ የገዛ የቋሪት ወይም የወምበርማ ሰው ግን፣ በመጀመሪያው ዳገት ላይ ወርዶ እየገፋ መሄዱ አይቀርም። ባሕር ዳሬው አልዋሸም፤ የሱዳኑ የግመል ባለቤትም አልዋሸም ነበር።

ለተራራ የሚሆን ብስክሌት የተወለደው በሌላ አገር ነው፤ ይሁን እንጂ አወላለዱ ከእኛ የበቅሎ ገበያ አሳብ እጅግ ስለሚቀራረብ በጥቂቱ ላውራው። ጀርመናዊው ካርል ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 ሰው በእግሩ መሬት እየገፋ የሚሄድበትን ሁለት ጎማ ሠራ፤ እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 ዛሬ የምናውቀውን መልክ ሰጠው፤ ደንሎፕ በ1888 በአየር የተሞላ ጎማ ጨመረበት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ብስክሌት የጎዳና ዕቃ ሆኖ ቀረ። በ1970ዎቹ ዓመታት ግን በካሊፎርንያ በማሪን አውራጃ ያሉ ጥቂት ወጣቶች፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች ከየጓሮው እየሰበሰቡ በተራራ ቁልቁለት ይነዱባቸው ጀመር። በጥቅምት 1976 በጀመሩት ውድድር፣ የኋላው ፍሬን በቁልቁለቱ እየጋለ ውስጡ ያለው ግሪስ እስኪተን ድረስ ይነድ ስለ ነበር፣ ከእያንዳንዱ ቁልቁለት በኋላ አዲስ ግሪስ መሙላት ግድ ሆነባቸው። አንዱ የተሰበረበትን ለሌላው ይነግራል፤ ሌላው ጠንካራ ፍሬን ይገጥማል፤ ሦስተኛው ማርሽ ይጨምራል። ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ሥራ ብሎ አዲስ ፍሬም በየደ፤ በ1979 ቶም ሪቺ፣ ጌሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ ሠርተው መሸጥ ጀመሩ፤ በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ድርጅት ስታምፕጃምፐር ብሎ በብዛት አወጣው። በ1990 ግድም ደግሞ ሮክሾክስ የፊቱን ጎማ የሚይዘው ሹካ በሞላ እንዲለምጥ አደረገ። በ1996ም በአትላንታ የኦሎምፒክ ውድድር ሆነ። በአጭሩ ይህ ብስክሌት በፋብሪካ መሐንዲስ አሳብ ሳይሆን በባለቤቶች ስብራት የተሠራ ዕቃ ነው።

አሁን በየገበያው ሁለት ዓይነት የተራራ ብስክሌት ይገኛል፤ የከተማ ልጆች በጅምላ «ማውንቴን» ይሏቸዋል። አንደኛው ፊቱ ብቻ ሞላ ያለው፣ ኋላው ግን አንድ ወጥ ሆኖ የተበየደ ነው። ሁለተኛው ፊቱም ኋላውም ሞላ አለው፤ ለዓይን የሚያምር፣ ወጣቱን የሚማርከው ይኼኛው ነው። የዋጋቸው ነገር ባይገባ ኖሮ ክርክሩ ረጅም በሆነ ነበር። መልካም የኋላ ሞላ ያለው ብስክሌት በውጭ አገር እንኳ እጅግ ውድ ነው፤ በርካሽ የሚሸጠው ግን ሞላው የይስሙላ ነው። ክብደት ይጨምራል፤ ዳገት ሲወጣ ነጂው ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ጉልበቱ ጎማውን በማዞር ፈንታ ሞላውን በማርገብገብ ያልቃል፤ መገጣጠሚያዎቹ አቧራና ጭቃ ገብቶባቸው ከአንድ ክረምት በኋላ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፣ መለዋወጫቸውም በቡሬ ቀርቶ በአዲስ አበባ በቀላሉ አይገኝም። ኋላው ወጥ የሆነው ግን የሚበላሽ መገጣጠሚያ የለውም፤ የተረገጠው ጉልበት በሙሉ ወደ ጎማው ይደርሳል፤ ለኋላ ሞላ የሚወጣው ገንዘብም ለፍሬንና ለማርሽ ይተርፋል። ኮረኮንቹ ያንገጫግጫል የሚል ሰው ቢኖር፣ ሰፊ ጎማ ገጥሞ ነፋሱን ትንሽ ቢያበርደው ግማሹ ችግር ይወገድለታል፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ ከኮርቻው ብድግ ብሎ ጉልበቱን እንደ ሞላ እያጠፈ ቢነዳ ይለምደዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ምርመራ የበቅሎ ተራ ምርመራ ነው። የባሕር ዳርን አስፋልት የሚያውቀውን ሰው አመስግኖ ማለፍ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቋሪት ወይም ከቡሬ ወደ ሽንዲ ክረምትና በጋ የተመላለሰውን ሰው ግን ቡና ጋብዞ ማነጋገር ይገባል። እንዲህ ያለው ሰው ሻጭ የማይነግረውን ይነግራል። ቀዩ አፈር በሐምሌ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ዋልካው ግን ይጣበቃልና በጎማውና በፍሬሙ መካከል ሰፊ ክፍተት የሌለው ብስክሌት ጥቂት እንደ ሄደ ጎማው መዞር ያቆማል፣ ባለቤቱም ይሸከመዋል። ዲያሜትሩ 29 ኢንች የሆነ ጎማ ድንጋይ በቀላሉ ይሻገራል፤ ዳሩ ግን በትንሽ ከተማ ከመነዳሪው የማይገኝ ከሆነ የ26ቱ ይሻላል። በዘይት የሚሠራ ፍሬን በረጅም ቁልቁለት እጅን አያደክምም፤ አየር የገባበት ጊዜ ግን የሚያድሰው ባለሙያ በአቅራቢያ ያስፈልጋል፣ በገመድ የሚሠራውን ዲስክ ግን ማንኛውም የሰፈር ሠራተኛ ያጠብቀዋል። የአልሙንየም ፍሬም ቀላል ነው፤ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ግን ተራ በያጅ አይመልሰውም፤ ብረቱ ከባድ ቢሆንም በየትኛውም ጋራዥ ይበየዳል።

ያገለገለ ብስክሌት ለሚገዛ ሰው ደግሞ የጥርስና የጀርባ ምርመራው አይቀርለትም። ፍሬሙን ገልብጦ የብየዳ መጋጠሚያዎቹን በጣቱ ይዳስስ፤ ቀለም አዲስ የተቀባበት ቦታ ቢኖር ለምን እንደ ተቀባ ይጠይቅ። ጎማውን አንሥቶ አሽከርክሮ ቸርኬው መወላገዱን፣ ራጂው መላላቱን ይመልከት። የፊቱን ፍሬን ይዞ መሪውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፋ፤ የሚንኳኳ ነገር ቢሰማ ዋጋው ይቀነስለት። የፊቱን ሞላ በክብደቱ ተጭኖ ይልቀቅ፤ ተጭኖ የማይመለስ ወይም ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ይተወው። ሻጩንም ለምን እንደሚሸጥ ይጠይቀው፤ መልሱ «እንዲሁ ነው» ከሆነ በበቅሎ ተራ የነበረውን ጥርጣሬ ያስታውስ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለአካባቢያቸው ገጠር የሚስማማው ፊቱ ብቻ ሞላ ያለው፣ ኋላው ወጥ የሆነ፣ ሰፊ ጎማና በገመድ የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ያለው፣ ለዳገት የሚሆን ዝቅተኛ ማርሽ ያልጎደለው፣ ከመነዳሪው በዚያው ከተማ የሚገኝ ብስክሌት ነው። ስሙ ከየት አገር እንደ መጣ፣ ቀለሙም ምን እንደ ሆነ አያሳስብ። ገዥው ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ያንኑ ዓይነት ብስክሌት በዚያው መንገድ የነዳ ሰው ፈልጎ ይጠይቅ።